ጄምስ ብሩስ፦ የፍርስራሽ ነዳፊና የዓባይ መንገደኛ

የጄምስ ብሩስ ስም ሲነሣ አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከስኮትላንድ ተነሥቶ ጎንደር የገባውን ረጅም ፈረንጅ ነው። ይህ ሰው ግሽ ዓባይ ከመድረሱ በፊት በሰሜን አፍሪቃና በሶርያ የሮማውያንን ፍርስራሾች ሲለካና ሲነድፍ ሦስት ዓመት ያህል ማሳለፉ ግን እምብዛም አይነገርም። ፎቶግራፍ ለዓለም ከተገለጸበት ከ1839 ሰባ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ የሕንጻን ምስል በብርሃን አማካይነት ወረቀት ላይ አውርዶ ለማስቀረት በበረሓ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ብሩስ ነበር። ለምህንድስና ሰው ከዓባይ ምንጭ ይልቅ ይህኛው የሕይወቱ ክፍል የበለጠ ሳያነጋግር አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ብሩስ በታኅሣሥ ወር 1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት ተወለደ። እናቱ በሕፃንነቱ ሞተችበት። ትምህርቱን በእንግሊዝ አገር በሃሮ ትምህርት ቤት ጀምሮ፣ አባቱ ጠበቃ እንዲሆን ስለ ፈለገ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንዲያጠና ተላከ። ሕጉ ግን ልቡን አልሳበውም። በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አግብቶ በንግዱ ገባ፤ ሚስቱ በዚያው ዓመት በሳምባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ አረፈች። ከዚያ በኋላ ብሩስ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ሆነ። ንግዱን ምክንያት አድርጎ ፖርቱጋልንና ስፔንን ዞረ፤ ዐረብኛ ተማረ፤ የጀርመናዊውን የሉዶልፍን መጻሕፍት አግኝቶ ግዕዝ ማጥናት ያዘ። ኢትዮጵያን ከማየቱ ከዐሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ፊደሏን ያወቀው በዚህ ሁኔታ ነው።

በ1758 አባቱ ሲሞት የኪኔርድ ርስት ለእርሱ ተላለፈ። ርስቱ ከእርሻው ይልቅ የሚያኮራው ከመሬት በታች ባለው ነገር ነበር፤ የድንጋይ ከሰል ነበረበት። በ1759 ከኪኔርድ አጠገብ ካሮን የሚባል የብረት ማቅለጫ ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ ብረት የሚያቀልጠው እንደ ጥንቱ በእንጨት ከሰል ሳይሆን ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ኮክ ስለ ነበረ የብሩስ ርስት ተፈላጊነት በአንድ ጊዜ ጨመረ። ብሩስ ከሰሉን ለካሮን ለማቅረብ ውል ተፈራረመ። ከድርጅቱ ጋር በኋላ ብዙ ጊዜ ተካሷል፤ ቢሆንም እስከ ጎንደር ያለ ጌታ ያለ ደሞዝ ለመዘዋወር ያስቻለው ዋናው ገቢ ከዚህ የመጣ ነው። የኢንዱስትሪው አብዮት የመጀመሪያዎቹ ምድጃዎች የጥንታዊ ሕንጻ ጥናት ወጪ ሸፍነዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሊቃውንት ዘንድ የጥንት ሕንጻ ጥናት እየተስፋፋ ነበር። ሮበርት ዉድ የተባለው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሶርያ ደርሶ የፓልሚራን ፍርስራሽ በ1753፣ የበዓልበክን ደግሞ በ1757 በትልልቅ የሥዕል መጻሕፍት አሳትሞ ነበር። የመጻሕፍቱ ንድፎች በአውሮፓ የሕንጻ ነዳፊዎች ላይ ብዙ ተጽዕኖ አሳደሩ። በሰሜን አፍሪቃ ያሉት የሮማውያን ከተሞች ግን በጽሑፍ ይነገርላቸው እንጂ በሥርዓት የነደፋቸው አልነበረም። ሎርድ ሃሊፋክስ የተባሉት ሚኒስትር ለብሩስ ያቀረቡለት ሐሳብ ይህን ክፍተት እንዲሞላ ነበር፤ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ይሾማል፣ በትርፍ ጊዜው ፍርስራሾቹን ነድፎ ለወጣቱ ንጉሥ ለጆርጅ ሦስተኛ ስብስብ ያመጣል። ብሩስ ተስማማ። በመንገዱ ላይ ኢጣልያን ዞሮ የፔስቱምን የግሪክ ቤተ መቅደሶች ነደፈና በ1763 አልጀርስ ገባ።

ለዚህ ሥራ ብሎ ለንደን ውስጥ በታወቁት የመሣሪያ ሠሪዎች በኔርንና በብላንት ዘንድ ያሠራው መሣሪያ ካሜራ ኦብስኩራ ይባላል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ፍችው ጨለማ ክፍል ማለት ነው፤ ዛሬ የፎቶግራፍ ማንሻውን ካሜራ የምንለውም ከዚሁ ወስደን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በሁሉም በኩል ከተዘጋ ጨለማ ክፍል አናት ላይ መስተዋትና ሌንስ ይቀመጣሉ፤ ከውጭ ያለው ሕንጻ ብርሃን በመስተዋቱ ተመልሶ በሌንሱ በኩል ያልፍና ከታች በተዘረጋው ነጭ ወረቀት ላይ ከነቀለሙ ይታያል። ነዳፊው መስመሩን በእርሳስ ተከትሎ ይስላል። የብሩስ መሣሪያ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ስድስት ጫማ ያህል ስፋት ያለው፣ ጣራው እንደ ጎጆ የሾለ፣ ተጣጥፎ የሚጓዝ ነበር፤ ነዳፊው በውስጡ ተቀምጦ ማንም ሳያየው ይሠራል። ለዘመኑ ተጓዥ የመጨረሻው ጥቅም ቀላል አልነበረም። በባዕድ አገር ምሽግና ግንብ ትክ ብሎ እያየ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ይጠረጠራልና።

ብሩስ በዚህ መሣሪያ መካከለኛ ችሎታ ያለው ሰው በአንድ ሰዓት የሚሠራውን፣ ያለ መሣሪያው ፈጣኑ ነዳፊ በሰባት ሰዓት አይጨርሰውም ብሎ ጽፏል። ግምቱ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ መሠረቱ ግን እውነት ነው። በሕንጻ ሥዕል ትልቁ ችግር የርቀት እይታን ማስተካከል ነው፤ ትይዩ የሆኑት መስመሮች ወደ ሩቅ ሲሄዱ የሚቀራረቡበትን መጠን ዓይንና እጅ በቀላሉ ይስቱታል። ካሜራ ኦብስኩራ ይህን በራሱ ያስተካክለዋል። የማያደርገው ነገር ደግሞ አለ፤ መጠን አይናገርም። የዓምዱን ቁመትና የግድግዳውን ውፍረት ለማወቅ ገመድ መዘርጋት፣ ማዕዘን መለካት፣ ማስላት ያስፈልጋል። እይታው በመሣሪያው፣ መጠኑ በገመድ፤ ብሩስ ሁለቱን አጣምሮ ሲሠራ ሥራው የሚያስተማምን ሆኗል፤ ሁለቱም በሌሉበት ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት ወደ ፊት ይታያል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ብቻውን ሊወጣው አልቻለም። በ1765 ከኢጣልያ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ወጣት ቀጠረ። ባሉጋኒ በ1737 በቦሎኛ ከተማ የተወለደ፣ በዚያው የሕንጻ ንድፍ ተምሮ ሽልማት ያገኘ ሰው ነበር። ብሩስ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ሰው ብዙ የማያውቅና በእርሱ እጅ የሠለጠነ አድርጎ አቅርቦታል። ዛሬ ሥዕሎቹን የመረመሩት ሊቃውንት የደረሱበት ድምዳሜ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በብሩስ ስም ከሚታወቁት ንድፎች አብዛኞቹና ምርጦቹ ከባሉጋኒ እጅ የወጡ ናቸው። በየዘመኑ አለቃው የሚፈርምበትን ወረቀት ሌሊቱን ሲነድፍ ያደረ ሠራተኛ አይጠፋም። የባሉጋኒ ዕጣ ግን ከዚህም የከፋ ሆኗል።

ሁለቱ ከ1765 ጀምሮ የዛሬዎቹን አልጄሪያንና ቱኒዚያን በፈረስና በግመል ዞሩ። ላምቤሲስን፣ ቲምጋድን፣ ስቤይትላን፣ በኤልጄም ያለውን ታላቅ የትርኢት አደባባይ ነደፉ። የኤልጄሙ ሕንጻ ርዝመቱ 148፣ ስፋቱ 122 ሜትር ያህል ሲሆን በጠፍጣፋ ሜዳ መካከል ያለ መሠረት ቁፋሮ በቅስት ላይ ቅስት ተደራርቦ የቆመ ነው። በዱጋ ደግሞ ከሮማውያን በፊት የነበሩ የኑሚዲያ ሰዎች የሠሩትን ግንብ መቃብር አገኙ። ስለዚህ መቃብር ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በላዩ በሊቢያና በፊንቄ ፊደላት የተቀረጸ የሁለት ቋንቋ ጽሕፈት ነበረበት፤ በ1842 በቱኒዝ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ጽሕፈቱን ወደ ለንደን ለመውሰድ ብሎ ግንቡን አፈረሰው። ድንጋዩ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ፈረንሣውያን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የወደቁትን ድንጋዮች ሰብስበው መልሰው ሲያቆሙት፣ ሳይፈርስ ያዩት የቀድሞ ተጓዦች ንድፍ ያለው ዋጋ ታወቀ። ብሩስና ባሉጋኒ ያን መቃብር በደኅናው ዘመን ከነደፉት ጥቂት ሰዎች መካከል ነበሩ። ከነርሱ ወዲህ የመጣ አንድ ቆንሲል ያፈረሰውን፣ ከርሱ በፊት የነበረ ሌላ ቆንሲል በወረቀት አቆይቶታል ማለት ነው።

ከትሪፖሊ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ቤንጋዚ አካባቢ መርከባቸው ተሰበረ። ብሩስ በዋና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጣ፤ የባሕሩ ዳር ሰዎች ደብድበው ልብሱን ገፈፉት። የቅየሳና የኮከብ መመልከቻ መሣሪያዎቹም ጠፉ። ያለ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ መሄድ ትርጉም የለውም ብሎ ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ ጻፈ። ከእንግሊዝ ያልመጣው ርዳታ ከፈረንሣይ መጣ፤ ንጉሡ ሉዊ ዐሥራ አምስተኛ ኳድራንት፣ ማለት የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በዲግሪ የሚለካ ትልቅ መሣሪያ ላኩለት። በ1767 ፓልሚራንና በዓልበክን ነድፎ ጨረሰ። ከእነዚህ ጉዞዎች የተገኙት ንድፎች በኋላ ለንጉሥ ጆርጅ ተሰጥተው በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ስብስብ ተቀመጡ። ብሩስ በሕይወቱ ሳያሳትማቸው ቀረ፤ ፕሌይፌር የተባለው በአልጀርስ የነበረ ሌላ የእንግሊዝ ቆንሲል በ1877 የብሩስን ዱካ ተከትሎ ባሳተመው መጽሐፍ ነው ብዙው ሕዝብ ያወቃቸው።

በ1768 ብሩስ እስክንድርያ ገብቶ በዓባይ ወደ ላይ ቀዘፈ። በቴብስ በነገሥታቱ ሸለቆ ከመቃብሮቹ አንዱ ውስጥ ገብቶ በገና የሚመቱ ሁለት ሰዎችን ሥዕል በግድግዳው ላይ አየ፤ መቃብሩ የፈርዖን ራምሴስ ሦስተኛ ሲሆን እስከ ዛሬም በብሩስ ስም ይጠራል። ሥዕሉን ለመገልበጥ ተቀመጠ፤ መሪዎቹ ግን ሽፍታ ይመጣል ብለው ችቦውን ጥለው ሊሄዱ ስለ ዛቱበት በችኮላ ሠርቶ ወጣ። በመጽሐፉ ሲታተም የበገናው ቅርጽ ወደ አውሮፓው አዘንብሎ ተገኘ። ጊዜና መሣሪያ ሲጐድል እጅ የሚሥለው ዓይን ያየውን ሳይሆን አእምሮ የለመደውን ነው።

ምጽዋ የወረደው በመስከረም 1769 ነበር። የአርኪቆ ናይብ ሁለት ወር ያህል አስጨንቆ ይዞት በኅዳር ተለቀቀ። የታራንታን ተራራ ሲወጡ ኳድራንቱን የሚሸከም ከብት ስላልተገኘ ሰዎቹ እየተፈራረቁ፣ ብሩስም ራሱ ትከሻውን እየሰጠ አወጡት። በአድዋ በኩል በጥር 1770 አክሱም ደረሰ።

አክሱም ላይ አርባ ያህል ሐውልቶች ቈጠረ። ሁሉም ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረቡ መሆናቸው አስደነቀው። ቆሞ ያለውን ታላቁን ሐውልት ነደፈ፤ በሥሩ የተቀረጸውን በር ከነቁልፉ አስተዋለ፤ አናቱ ላይ ያለውን ክብ ቅርጽ ከግሪኮች የመሥዋዕት ሳሕን ጋር አመሳሰለ። እዚህ ላይ ነው ብሩስ የሳተው። ሥራውን በክርስቶስ ልደት ቅድሚያ በሦስተኛው መቶ ዓመት ለነበረው የግብፅ ንጉሥ ለጶጥሊሞስ ኤዎርጌጢስ ሰጠ፤ ይህንንም የሚያረጋግጥ የግሪክ ጽሕፈት በአንድ ድንጋይ ላይ አንብቤአለሁ አለ። በ1805 አክሱም የመጣው ሄንሪ ሶልት ያን ጽሕፈት ፈልጎ አላገኘውም። በምትኩ የንጉሥ ኢዛናን የግሪክ ጽሕፈት አግኝቶ አሳተመ። ሐውልቶቹ በአክሱማውያን እጅ የተሠሩት በድኅረ ልደተ ክርስቶስ ሦስተኛውና አራተኛው መቶ ዓመት ግድም እንደ ሆነ ዛሬ ይታወቃል፤ የብሩስ ግምት ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ስቷል። ሶልት ሠዓሊም ስለ ነበረ ሐውልቱን እንደ ገና ሥሎ የብሩስ ሥዕል ትክክል አለመሆኑን አሳየ።

ስሕተቱ የዓመት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። 21 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ የቆመው ይህ ሐውልት የፎቅ ቤት ምስል ነው፤ መስኮቶቹ፣ ወለሎቹን የሚለዩት አግዳሚ ግንዶች፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉት ክብ የግንድ ጫፎች ሁሉ በድንጋይ ተቀርጸዋል። ይኸው እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ የመገንባት ዘዴ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በእውነተኛ እንጨት ሲሠራበት ይታያል። ብሩስ በዓልበክንና ኤልጄምን ያየ ሰው በመሆኑ ዓይኑ የግሪክንና የሮማን ሥርዓት ፈለገ፤ የሀገሩን ግንበኛ ዘዴ ግን አላነበበውም። ይህን አሟልተው ያነበቡት በ1906 የመጡት የጀርመን ጉዞ አባላት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የሕንጻ ነዳፊዎች ነበሩ፤ ገመድም ፎቶግራፍም ይዘው መጥተዋል፤ በ1913 ያሳተሙት ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ የአክሱም ጥናት መነሻ ነው።

ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። ከተማው በፈንጣጣ ተጨንቋል፤ ራስ ሚካኤል ስሑልና ወጣቱ ንጉሥ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዘመቻ ላይ ነበሩ። ሐኪም ነው ተብሎ በቍስቋም ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተጠራ። ክፍሎቹን በሰፊው ከፍቶ አየር በማስገባትና በጢስ በማጠን የታመሙትን ልጆች አስታመመ፤ ከእነርሱም የራስ ሚካኤል ባለቤት የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። ከዚህ በኋላ ብሩስ የቤተ መንግሥት ሰው ሆነ፤ ባለሟል ተባለ፤ ፈረሰኛ አዘዘ፤ በጦር ሜዳም ተገኘ።

የጎንደርን ግንቦች ሲገልጽ ዓይኑ የነዳፊ ዓይን ነው። በዐፄ ፋሲለደስ የተሠራውን ዋናውን ግንብ አራት ማዕዘን፣ በየማዕዘኑ ግንብ የታጠረ፣ ቀድሞ አራት ደርብ የነበረው ብሎ ይገልጸዋል። በእርሱ ዘመን የላይኛው ክፍል ፈርሶ ነበር፤ የታችኞቹ ሁለት ደርቦች ግን ለመኖሪያ ይበቁ ነበር፤ የአዳራሹንም ርዝመት ከ120 ጫማ በላይ አድርጎ ገምቶታል። ከአናቱ ላይ ቆሞ ጣናን አይቷል። ግንቡን ማን ሠራው ለሚለው ጥያቄም ከብዙ ተከታዮቹ የተሻለ መልስ ሰጥቷል፤ ከህንድ የመጡ ግንበኞችና ከኢየሱሳውያን ሙያውን የተማሩ፣ ሃይማኖታቸውን ግን ያልተቀበሉ ኢትዮጵያውያን እንደ ሠሩት ጽፏል። ከእርሱ በኋላ አንድ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ የጎንደር ግንብ ሁሉ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው እየተባለ ሲነገር መኖሩን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ፓልሚራን በዓምድ በዓምድ የነደፈው ይህ ሰው በአምስቱ የመጽሐፉ ክፍሎች ውስጥ የጎንደር ግንብ አንድም ሥዕል አላስገባም። የወፎች፣ የዕፀዋት፣ የጦር ሜዳዎች፣ የመሳፍንትና የወይዛዝርት ሥዕሎች አሉ፤ የአክሱም ሐውልትም አለ፤ የፋሲል ግንብና የቍስቋም ግቢ ግን የሉም። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። በዐፄ ኢዮአስ መገደል የጀመረው ትርምስ ገና አልበረደም ነበር፤ የንጉሥን ግቢ ግንብ ሲለካና ሲነድፍ የተገኘ እንግዳ የማን ሰላይ ነው ሳይባል አያልፍም። በፈረሰ ከተማ መካከል የሚነድፍ ሰው የሚፈራው ሽፍታን ነው፤ ሰው በሚኖርበት ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚነድፍ ግን ባለቤቱን መፍራት አለበት። ይህም ሆኖ ጉዳቱ የኛ ነው። ሠዓሊው በዚያው ከተማ ተቀምጦ፣ የጎንደር ግንቦች ከደርቡሾች ቃጠሎና ከሃያኛው መቶ ዓመት ጦርነትና ጥገና በፊት የነበራቸው መልክ ሳይነደፍ ቀርቷል።

ባሉጋኒ በጎንደር ሥራ አልፈታም። ዕፀዋትን እያንዳንዱን በቅጠሉ በአበባው ሣለ። ሙቀትና የአየር ግፊት፣ የዝናብም መጠን በየቀኑ ተመዘገበ፤ በ1770 ክረምት 35 ኢንች ተኩል ያህል፣ በቀጣዩ ዓመት 41 ኢንች ያህል ዝናብ ተለካ። በኢትዮጵያ ምድር የዝናብ መጠን በመሣሪያ ተለክቶ ከታተመባቸው የመጀመሪያዎቹ መዛግብት አንዱ ይህ ነው። ብሩስ ጎንደርን በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ አስቀምጧታል፤ በዛሬው ካርታ ላይ ያለው ልዩነት የጥቂት ደቂቃ ነው። ኳድራንቱን በትከሻ ያሻገሩት ሰዎች ድካም ከንቱ አልቀረም።

በኅዳር 1770 ሁለቱም ወደ ሰከላ ወርደው ግሽ ዓባይ ደረሱ። የምንጩን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ብሎ ለካ፤ ይህም እጅግ የተጠጋ ነው። ከፍታውን ግን በአየር ግፊት ገምቶ ከባሕር ጠለል ከሁለት ማይል በላይ አደረገው፤ ቦታው 2,700 ሜትር ግድም ነው። ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 በዚያው ቦታ ቆሞ ነበር፤ ብሩስ ይህን አጥብቆ ካደ። ባሉጋኒንም ከዚያ ቦታ አወጣው፤ በመጽሐፉ አነጋገር ሠዓሊው ከጉዞው በፊት የሞተ ይመስላል። እውነቱን የተናገረው ራሱ የባሉጋኒ የጉዞ ማስታወሻ ነው፤ አብሮ ሄዷል፣ አብሮ ተመልሷል፣ የሞተው በ1771 መጀመሪያ በጎንደር በተቅማጥ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ዓመት ግድም ነበር። ክብርን ለሌላ ማካፈል የማይሆንለት ሰው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረን መነኩሴም፣ አጠገቡ ቆሞ የነበረን ጓደኛም በአንድ ዓይነት ብዕር ሠረዛቸው።

ብሩስ ሸዋን አላየም። ስለ ሸዋ ያወቀውን ያህል ያገኘው ከአምኃ ኢየሱስ ነው፤ ይህ የሸዋ መስፍን፣ ከመንዙ ከነጋሲ ክርስቶስ የሚወርደው፣ ብዙ ፈረሰኛ አስከትሎ ጎንደር በመጣ ጊዜ ከብሩስ ጋር ተዋውቀው ወዳጆች ሆኑ። በጎንደር በቀላሉ የማይገኘውን የቀድሞ ነገሥታት ታሪክ በጥሩ እጅ ተጽፎ ያገኘው በዚህ ወዳጅነት መሆኑን ብሩስ በምስጋና ጽፏል። የመንዝና የግሼ ደጋ፣ የመርሐቤቴ ገደል ግን በካርታው ላይ በወሬ ብቻ የተሞላ ነው። ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከአንኮበር ተነሥቶ በመንዝ በኩል ወደ ወሎ ያለፈው በ1842፣ ከብሩስ ሰባ ዓመት በኋላ ነው። ኳድራንቱ መንዝ ቢደርስ ኖሮ በዚያ ደጋ ያሉት የድንጋይ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በዚያን ጊዜ ምን ይመስሉ እንደ ነበር ምናልባት አንድ ገጽ ይገኝ ነበር።

በታኅሣሥ 1771 ብሩስ ጎንደርን ለቀቀ። በስናር በኩል አድርጎ በኑቢያ በረሓ ግመሎቹ ሲያልቁ መሣሪያውንና ወረቀቱን አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ ወደ አስዋን ገባ፤ ከዚያ በተበደረው ግመል ተመልሶ የጣለውን ሁሉ አነሣ። ያ ወረቀት እዚያው ቢቀር ኖሮ ባሉጋኒ የሚባል ሰው መኖሩንም የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ከነበሩት የብራና መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ለአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን የታወቀው ከዚሁ ጉዞ በኋላ ነው።

በ1774 ለንደን ሲደርስ የጠበቀው ክብር ቶሎ ወደ ሳቅ ተለወጠ። ከሕያው ላም ሥጋ ቆርጦ ስለ መብላት የተናገረው ሲሰማ ሌላውም ሁሉ ተረት ነው ተባለ። ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ገባ፤ እንደ ገና አገባ፤ ከካሮን ጋር ስለ ከሰል ተከራከረ። መጽሐፉን በአምስት ክፍል ያሳተመው ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በ1790 ነው። በ1794 ሚያዝያ ወር አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተጓዦች፣ ሶልትን የመሳሰሉት ተቺዎቹ ሳይቀሩ፣ ስለ ሀገሩና ስለ ሕዝቡ ከጻፈው አብዛኛው እውነት ሆኖ አገኙት። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች የፎቶግራፍ ማንሻ ይዘው ነበር፤ ብሩስ በእርሳስ ሲከተለው የነበረው ብርሃን በዚያን ጊዜ ራሱን መሣል ችሎ ነበር።

የባሉጋኒ የዕፀዋት ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ በስሙ የተጠና መጽሐፍም በ1991 ወጥቷል። ብሩስ የተቀበረው በኪኔርድ አጠገብ በላርበርት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ቀድማው በሞተችው በሁለተኛ ሚስቱ መቃብር ነው። በመቃብሩ ላይ የቆመው ረጅም ሐውልት ከድንጋይ የተጠረበ አይደለም፤ የካሮን ፋብሪካ በብረት አቅልጦ ያወጣው ነው።